ከጣና ዳር ወደ አፋር በረሃ ለሚወርድ ጀማሪ አሽከርካሪ፦ የጎማ ኮምፕሬሰር አመራረጥና አብረውት የሚያዙ ዕቃዎች

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወረታን፣ ደብረ ታቦርንና ጋሸናን አልፎ ወልድያ የሚደርስ፣ ከዚያም በጭፍራ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ሰመራ የሚወርድ አሽከርካሪ ዋናውን መንገድ እስካልለቀቀ ድረስ ስለ ጎማ አየር ከወትሮው የተለየ ሐሳብ አይገባውም። ነገሩ የሚለወጠው አስፋልቱን ትቶ ወደ አፍዴራና ወደ ኤርታሌ አካባቢ ሲገባ ነው። በዚያ ምድር አሸዋና ስለታም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ አሸዋው የጎማው አየር እንዲቀነስ ይፈልጋል፣ ድንጋዩ ደግሞ አየሩ የተቀነሰውን ጎማ ጎኑን ይቀድደዋል። ስለዚህ አንድ መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ አየር እያስተነፈሰ መልሶ መንፋት ሊያስፈልገው ይችላል። ጎሚስታ በሌለበት አገር ይህን የሚያደርግልዎ በመኪናው የተጫነው ኮምፕሬሰር ብቻ በመሆኑ ዕቃው ሳይቋረጥ ስንት ደቂቃ መሥራት እንደሚችል ከዋጋውም፣ በካርቶኑ ላይ በትልቁ ከተጻፈው ቁጥርም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። የመጀመሪያውን ኮምፕሬሰር ስገዛ ዓይኔን የሳበው በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 150 ፒኤስአይ (ፒኤስአይ የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሚለው ቁጥር ነበር። አሸዋውን ጨርሰን ድንጋያማው መንገድ አፋፍ ላይ ቆመን መንፋት ስንጀምር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎማዎች እየተጎተቱም ቢሆን ሞሉ። ሦስተኛው ላይ ግን ቀጭኗ የፕላስቲክ ቱቦ ከማሽኑ ጋር በምትገናኝበት ቦታ እንደ ጎመን አገዳ ተነፋች፣ ጣቴን ሳስጠጋት አቃጠለችኝ፣ መለኪያውም 26 ላይ እንደቆመ ማሽኑ ጸጥ አለ። እስኪበርድ ድረስ ጥላ በሌለበት ፀሐይ ሥር ሠላሳ ደቂቃ ጠበቅን። ዛሬ ሳስበው ማሽኑ የተሠራበትን ሥራ ሠርቷል፤ የከተማ መኪና አንድ ጎማ ሲጎድልበት ጥቂት ለመጨመር የተሠራ ዕቃ ነበርና ያልተሠራበትን የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

የመኪና ጎማ ከ40 ፒኤስአይ ብዙም የማያልፍ በመሆኑ 150 ወይም 200 የሚለው ቁጥር ለእኛ ሥራ የሚነግረን ነገር የለም። መታየት ያለባቸው ሦስት ሌሎች ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ነው። ብዙ ፒክአፖች የሚጫሙት ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ጎማ በውስጡ 70 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ይህን ጎማ ከ18 ወደ 35 ፒኤስአይ ለማድረስ በዝቅተኛው በረሃ 80 ሊትር ያህል የውጭ አየር ይበቃል። በባሕር ዳር ግን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስላልን አየሩ ስስ ነው፤ ለዚያው ሥራ 100 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ በከተማችን ሲሞከር ዘገምተኛ የመሰለ ማሽን ታች ሲወርድ በመጠኑ ሊፈጥን ይችላል፤ ይህ ግን ማሽኑ በሙቀቱ ካልተሸነፈ ነው። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የሊትር መጠን ቱቦው ከጎማ ጋር ሳይያያዝ የተለካ መሆኑንና ጎማው ሲሞላ ግፊቱ ማሽኑን ስለሚታገለው ፍሰቱ እንደሚቀንስም ማስታወስ ያስፈልጋል። በደቂቃ 35 ሊትር የሚል ማሽን ለአንድ ጎማ አምስት ደቂቃ ያህል ሊወስድ ሲችል፣ 70 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚል ማሽን ግን አራቱንም በአሥር ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ለጀማሪ ከ70 በታች አልመክርም።

ሁለተኛው፣ ለእኔም ከሁሉ የሚበልጠው፣ የሥራና የዕረፍት ድርሻው ነው። በማሽኑ ወይም በመመሪያው ላይ በመቶኛ ይጻፋል፤ 33 በመቶ ማለት በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ አሥሩን ደቂቃ ሠርቶ ሃያውን ያርፋል ማለት ነው። ይህ ቁጥር መጠነኛ በሆነ የአየር ሙቀትና በተወሰነ ግፊት የተለካ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍበት አገር ከተጻፈው ያነሰ እንደሚሆን ከወዲሁ ማሰብ ይገባል። መመሪያው ስለዚህ ጉዳይ ምንም የማይል ከሆነ ዕቃው ለረጅም ሥራ አልተሠራም ብሎ ማለፍ ይሻላል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያለው ማሽን ቢያስጠብቅም ከመቃጠል ይድናል፤ የሌለው ግን አንድ ቀን ጭሶ ይቀራል።

ሦስተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። የሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር በመሆኑ ከ120 እስከ 180 ዋት በላይ አይሸከምም፤ ቁም ነገር ያለው ኮምፕሬሰር ደግሞ 30 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ በቀይና በጥቁር መቆንጠጫ በቀጥታ ባትሪው ላይ የሚታሰርና ገመዱ ላይ የራሱ ፊውዝ ያለው ይምረጡ፤ ሲነፉም ሞተሩ ይነሣ፣ አለበለዚያ ጎማውን ሞልተው ባትሪውን ያወርዳሉ። የጭነት መኪኖች በብዛት 24 ቮልት ስለሆኑ የ12 ቮልቱን ማሽን ለእነርሱ ማዋስ ማሽኑን ማቃጠል ነው። ባትሪው ከኮፈኑ ሥር፣ የኋላው ጎማ ደግሞ ከአራት ሜትር ወዲያ መሆኑን አስበው፣ ቱቦው ከማሽኑ ገመድ ጋር ተደምሮ የኋላውን ጎማ ያለ ጭንቅ መድረሱን ሱቁ በር ላይ ዘርግተው ይለኩ። ቱቦው ጨርቅ የተጠለፈበት የጎማ ቱቦ ይሁን፤ የተጠቀለለው ስስ ፕላስቲክ በሙቀት ይለሰልሳል።

ከመክፈልዎ በፊት ባለሱቁን በትሕትና ፈቃድ ጠይቀው ይሞክሩት። አራቱንም ጎማ በተከታታይ ከ18 ወደ 35 በስልክዎ ሰዓት እየለኩ ይንፉ፤ አራተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የዘገየ እንደሆነ ማሽኑ እየደከመ ነው። አንድ ጎማ ብቻ ነፍቶ ማመን እኔን ጎድቶኛል።

ከኮምፕሬሰሩ ቀጥሎ የሚመጣው መለኪያው ነው። በባሕር ዳር ጎዳናዎች ብስክሌት እየነዳን ያደግን ሰዎች ጎማን በአውራ ጣት ጫን አድርገን የመገመት ልማድ አለን፤ በመኪና ጎማ ላይ ይህ ልማድ ያታልላል። 35 ያለውና 26 ያለው ጎማ በዓይንም በእግር ምትም ሊለዩ አይችሉም። በማሽኑ ላይ ያለው መለኪያ እየነፋ ሳለ ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ እስከ 60 ፒኤስአይ ብቻ የሚለካ የተለየ ጌጅ ይያዙ፤ እስከ 200 የሚለካው ጌጅ ዝቅተኛውን ቁጥር አጥርቶ አያሳይም።

ከፍታን በተመለከተ ከደጋ ለሚወርድ ሰው ብቻ የሚገጥም ነገር አለ። በባሕር ዳር 35 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ ወደ ባሕር ወለል ቢወርድ መለኪያው 32 ገደማ ያነባል፤ ምክንያቱም መለኪያው የሚነግረን በውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ሲሆን የታችኛው አገር የውጭ አየር የበለጠ ይከብዳል። በሌላ በኩል ሙቀቱ በየ6 ዲግሪው አንድ ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ከጠዋቱ የጣና ቅዝቃዜ ተነሥቶ በቀን ሙቀት በረሃ የደረሰ ሰው ሁለቱ ተጣፍተውለት ምንም ያልተለወጠ ይመስለዋል። መፍትሔው መኪናው አዳሩን ከቆመ በኋላ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ እዚያው በደረሱበት አገር መለካት ነው። በጉዞ ላይ ግሎ ከፍ ያለውን ጎማ ለማስተካከል ብሎ አየር ማውጣት ማታ ሲበርድ የጎደለ ጎማ ይዞ መገኘት ነው።

አሸዋ ላይ አየር የሚቀነሰው ጎማው በመሬቱ ላይ የሚያርፍበት ስፍራ በተለይ ወደ ርዝመቱ እንዲጨምርና ክብደቱ እንዲበተን ነው። ጀማሪ ከ18 እስከ 20 ቢያደርግ ይበቃዋል፤ የጫነ ፒክአፕ የኋላዎቹን በጥቂት ከፍ ያድርግ። ተቀርቅሮ ሌላ መውጫ ካጣ ለዚያች ቅጽበት እስከ 15 ይውረድ፤ ከዚያ በታች ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። አየሩ ከተቀነሰ በኋላ ፍጥነቱ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፍ፣ መሪም በድንገት አይጠምዘዝ። ጎማዎ ውስጥ ከመነዳሪ (አየር የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ) ካለ ይህን ሁሉ አይሞክሩት፤ አየሩ ሲቀንስ ጎማው በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ የከመነዳሪውን ቫልቭ ይበጥሰዋልና። የጎማውን ዕድሜ ደግሞ በጎኑ ካሉት አራት ቁጥሮች ያንብቡ፦ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ገጹ አዲስ መስሎ ጎኑ በእርጅና የተሰነጣጠቀ ጎማ ለድንጋዩ ምግብ ነው።

የቀሩትን ዕቃዎች በተመለከተ አካፋ ከሁሉ ይቀድማል፤ እጀታው ረጅም ይሁን፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ያለውን አሸዋ የሚያወጣው እርሱ ነው። ለክሪኩ መቆሚያ ወፍራም ሰፊ ጣውላ ይያዙ፤ አሸዋ ላይ ያለ ጣውላ የቆመ ክሪክ መኪናውን ከማንሣት ይልቅ ራሱ ይሰምጣል። ከጎማ ሥር የሚነጠፉ ጥርስ ያላቸው ሁለት ሰሌዳዎች፣ የጎማ መድፈኛ ከነመውጊያው፣ ጥቂት ትርፍ የቫልቭ መርፌዎችና ማውለቂያቸው፣ የሚያፈስ ቦታ መፈለጊያ የሳሙና ውኃ፣ ሁለት ካልሆነም አንድ ጤነኛ ስኮርታ ጎማ ይኑሩ። መጎተቻው በላዩ የመሸከም አቅሙ የተጻፈበት ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ ይሁን፤ ሰንሰለትና የብረት ገመድ ሲበጠስ ሰው ይገድላል። በተሳቢ ማያያዣ ኳስ ላይ ፈጽሞ አይታሰር፣ በሚጎተትበትም ጊዜ ማንም ሰው በአጠገቡ አይቁም። ብቻውን የወጣ መኪና ይህን ሁሉ ይዞም ሊቀር ስለሚችል፣ ቢያንስ በሁለት መኪና፣ ምድሩን ከሚያውቅ የአፋር መሪ ጋር፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቀለል ያለ ወቅት መሄድን እመርጣለሁ። በጨው ሜዳው ላይ ከተነዳበት ፈለግ ውጭ መውጣት ቅርፊቱን ሰብሮ ጭቃ ውስጥ መግባት ስለሆነ መሪው ያለዎትን ይስሙ።

ከመነሣትዎ በፊት ልምምዱን እዚሁ ያድርጉት። የሐይቁ ዳር ዋልካ አፈር ለአሸዋ ትምህርት አይሆንም፤ ጎማውን ይለብሰዋል እንጂ አይበተንለትም። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ደረቅና ደልዳላ ሜዳ ላይ ቆመው፣ ረዳትዎም ባለበት፣ አራቱን ጎማዎች ወደ 18 ያውርዱና መልሰው ይንፉ። የቫልቭ ክዳኖቹን አንድ ኪስ ውስጥ ማኖርን፣ የቱቦውን ጫፍ አየር ሳያፈስሱ ፈጥኖ መንቀልን፣ መቆንጠጫውን በባትሪው ትክክለኛ ምሰሶ ላይ ማሰርን እጅዎ እስኪለምደው ድረስ ይደጋግሙት። የማሽኑን የአየር ማጣሪያም ፈትተው ይዩት፤ የበረሃው ብናኝ ስለሚደፍነው በየማታው ማራገፍ ያስፈልጋል፤ ማሽኑንም አሸዋው ላይ ሳይሆን በጨርቅ ወይም በካርቶን ላይ አስቀምጠው ያሠሩት።

ሲመለሱ ወደ አስፋልቱ ከመውጣትዎ በፊት ወደ ሙሉ አየሩ ይመልሱት፤ በ20 ፒኤስአይ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ጎማ ከውስጥ ግሎ ይፈነዳል። ወደ ጋሸና ከፍታ ሲወጡ መለኪያው ሊዋዥቅ ይችላልና መንገድ ላይ አይነካኩት፤ ባሕር ዳር በገቡ ማግሥት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ አምስቱንም ጎማዎች ከስኮርታው ጋር ይለኩ።