በሞኖፊን ውሃ ውስጥ መዋኘት፦ የጀማሪዎች ችግርና መፍትሄ

ሁለቱን እግሮች በአንድ ሰፊ ክንፍ በሚያጣምረው ሞኖፊን ሲዋኙ ስህተቱ ጎልቶ የሚታየው ክንፉ ላይ ቢሆንም፣ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከዳሌ በላይ ስለሆነ ምርመራው ከእጅ ጣቶች ተጀምሮ ወደ ታች ቢወርድ ይመረጣል።

ችግር፦ ዋናተኛው አብዝቶ ይመታል፤ እምብዛም ግን አይጓዝም።

መንስኤው እንቅስቃሴውን በጉልበት መጀመሩ ነው። ጉልበት ከመጠን በላይ ሲታጠፍ ጭን ወደ ፊት ወጥቶ ከሚመጣው ውሃ ጋር ይጋፈጣል፤ ክንፉም ውሃውን ወደ ኋላ በመግፋት ፈንታ በጠርዙ እየሰነጠቀ ያልፋል። ትክክለኛው ሞገድ ከደረት በትንሹ ተነሥቶ፣ በዳሌና በጭን እያደገ፣ በክንፉ ጫፍ ላይ ከፍተኛውን ስፋት ይይዛል።

መፍትሄው ክንፉን አውልቆ፣ እጆችን ከጎን አሳርፎ የዶልፊን ምትን (ሁለቱን እግሮች አጣምሮ በሞገድ መምታትን) ከዳሌ መለማመድ፣ ቀጥሎም በጥልቅ ውሃ ቀጥ ብሎ ቆሞ መምታት፣ ከዚያ በኋላ ለስላሳ ክንፍ ማጥለቅ ነው። «ጉልበት አይታጠፍ» የሚለው ትእዛዝ ግን ጉዳቱ ያመዝናል፤ እግር ወደ ታች ሲመታ ጉልበት መጠነኛ መታጠፍ ስላለበት፣ ትእዛዙን ቃል በቃል የተቀበለ ሰው እንደ እንጨት ይደርቃል።

ከጎን የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ ጉዳዩን በቁጥር መፈተን ይቻላል። በሰከንድ የሚመታው ሙሉ ምት (አንድ ጊዜ ወደ ታችና ወደ ላይ) ብዛት በክንፉ ጫፍ የመወዛወዝ ስፋት ተባዝቶ ለፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው የስትሮሃል ቁጥር፣ በቀልጣፋ ዓሦችና ዶልፊኖች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ነው። በሰከንድ 1 ጊዜ በ0.8 ሜትር ስፋት እየመታ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ጀማሪ 0.8 ላይ ይገኛል፤ ይህም ኃይሉ ውሃ በማናወጥ እየባከነ መሆኑን ያመለክታል።

ችግር፦ ጉዞው ይቆራረጣል፤ በየምቱ መካከል ፍጥነቱ ይወርዳል።

ወደ ታች የሚመታው የፊት ጭን ጡንቻ ብርቱ ሲሆን፣ እግርን ወደ ላይ የሚመልሱት የመቀመጫና የኋላ ጭን ጡንቻዎች ሥራቸውን ስለማይሠሩ ከምቱ ግማሹ ባዶ ይቀራል። በጎን ተኝቶ መዋኘት ይህን ያጋልጣል፤ መንገዱ ወደ አንድ ወገን ከታጠፈ የሁለቱ ምቶች ኃይል አለመመጣጠኑን ይጠቁማል።

ችግር፦ ራስና እጆች ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛሉ።

እጅን በእጅ ላይ ደርቦ፣ ክንድን ከጆሮ አስጠግቶ፣ ዓይንን ወደ ገንዳው ወለል ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ትከሻው የማይፈታለት ሰው ግን ክንዱን ለመዘርጋት ወገቡን ስለሚያጎብጥ የወገብ ሕመም ያገኘዋል፤ እርሱ በቅድሚያ ትከሻውንና የላይኛው ጀርባውን በየብስ ላይ ማፍታታት አለበት። የውስጥ እግር መሸማቀቅ ደግሞ ክንፉ ጠንካራ ወይም የእግር ማስገቢያው ጠባብ መሆኑን ያሳያል።

ማዞር ወይም የዓይን መጨለም ከተሰማ ግን ጉዳዩ የምት ስላልሆነ ልምምዱ ወዲያውኑ ይቁም። ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ፣ የመተንፈስ ፍላጎት ሳይመጣ ራስን መሳት ሊከተል ይችላል፤ ስለዚህ ይህ አተነፋፈስ ይቅር፣ ከውሃው አጠገብ ነቅቶ የሚከታተልና ማዳን የሚችል ሰው ሳይኖርም ማንም አይጥለቅ።