ተሰፍተሽ ካረገዝሽ፣ ምጥ ሳይመጣ ንገሪን

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ድሬዳዋ ስሠራ ከሶማሌና ከአፋር የሚመጡ ብዙ እናቶችን አዋልጃለሁ። ብዙዎቹ ተገርዘው ብልታቸው የተሰፋ ናቸው። ችግሩ፣ ይህን የምናውቀው አብዛኛውን ጊዜ ምጥ ከያዛቸው በኋላ መሆኑ ነው። ያኔ ደግሞ ረጋ ብሎ ማውራት የለም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ስትመጪ፣ የምርመራ ክፍሉ በር ሲዘጋ «ተሰፍቻለሁ» በይ። አማትሽ አብረው ከገቡ ለብቻሽ ለመነጋገር ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገም ዘመድ ባይሆን ይመረጣል። ሽንትሽ ጠብ ጠብ እያለ የሚያስቆይሽ ከሆነ፣ የወር አበባሽ በስቃይ ይመጣ ከነበረ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከተመላለሰብሽ እሱንም ተናገሪ።

ከዚያ ስለ መክፈት ትመከሪያለሽ። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል። የተሰፋው ጠባሳ ከታች ወደ ላይ ይከፈታል፤ የሽንት መውጫው ሲታይ ይቆማል። ግራና ቀኙ መልሶ እንዳይገጥም ጠርዙ ለየብቻ ይሰፋል። ምጥ ላይም ይሠራል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን በእርግዝናው አጋማሽ ቢሆን ይሻላል። ቁስሉ ከመውለድሽ በፊት ይድናል፣ ምጥ ላይም ምርመራው አያስጨንቅም። ለነገሩ ለመከፈት የግድ ማርገዝ የለብሽም።

አሁን ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ልንገርሽ። ከተከፈትሽ በኋላ ሽንትሽ በኃይል ይወርዳል፣ ድምፅም አለው። «ምን አበላሻችሁብኝ?» ብላ ተመልሳ የመጣች አለች። ምንም አልተበላሸም። ለዓመታት ታግዶ የነበረው መንገድ ተከፍቶ ነው። የወር አበባም ከበፊቱ ፈሰስ ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ የውስጥ ልብስ ሲነካሽ ትሳቀቂ ይሆናል፤ ሰፋ ያለ ጥጥ ልበሽ። ቁስሉን ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ታጠቢው፣ ቅጠል ወይም ዱቄት አታድርጊበት። ከባልሽ ጋር መተኛት ቁስሉ እስኪድን ይቆይ፤ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ወይም እየባሰ የሚሄድ ህመም ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ።

ከወለድሽ በኋላ «መልሳችሁ ስፏት» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እኛ አንሰፋም። የሴት ብልት መስፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 566 ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ፅኑ እስራት ያስቀጣል። ከአማትሽ ጋር መጨቃጨቅ ካልፈለግሽ «ነርሷ እምቢ አለች» በያቸው። እኔ ጋ ይምጡ፣ እኔው አስረዳቸዋለሁ።