ኮርዶባን በሜይ ወር እንዴት መጎብኘት እንደሚቻል

የደቡብ ስፔኗ ኮርዶባ ትልልቅ በዓሎቿን ሜይ ላይ ነው የምትደረድረው። በወሩ መጀመሪያ አደባባዮች በአበባ መስቀሎች ያጌጣሉ፣ ለጥቆ ለሁለት ሳምንት ያህል ነዋሪዎች በአበባ ያስጌጡትን ግቢያቸውን ለውድድር አቅርበው ለጎብኚ ይከፍታሉ፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ፌሪያ የሚባለው ጭፈራ ይመጣል። አንዱን ብቻ መምረጥ ካለብዎት ግቢዎቹን ይምረጡ። ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የሚደፍሩት ወቅት አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ቪዛና ማደሪያ

ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው የሸንገን ቪዛ ግድ ነው። ማመልከቻው ጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ይገባል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። የቀጠሮ ወረፋ ስላለ ወደ መጨረሻው አይጠጉ። በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ ይገባል። የኮርዶባ ሆቴሎች በበዓሉ ሰሞን ቀድመው ይያዛሉ። ክፍል ካጡ ሴቪያ አድረው በፈጣን ባቡር 45 ደቂቃ ያህል መመላለስ ይቻላል፤ የመመለሻው የመጨረሻ ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አስቀድመው ይዩ። ከማድሪድ አቶቻ ጣቢያ የሚነሳው አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ ይፈጃል።

2. ሜስኪታ፦ በጠዋት፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል

ሜስኪታ ቀድሞ መስጊድ የነበረው የከተማዋ ካቴድራል ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከ8፡30 እስከ 9፡30 በቡድን ላልመጡ ጎብኚዎች መግቢያው ነጻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጸሎት ስለሚጀመር ጎብኚው ይወጣል። በዚህች አንድ ሰዓት እየተቸኮለ የሚያመልጥ ነገር አለ፤ ሰፋ አድርገው ማየት ከፈለጉ ቲኬት ይግዙ። ቀድሞ ሚናሬት ለነበረው የደወል ማማ ሌላ ቲኬት አለ፣ ሰዓቱም የተወሰነ ነው።

ብዙ ሰው በቀጥታ መሃል ወዳለው ካቴድራል ሄዶ ሕንፃው ይደበላለቅበታል። ከብርቱካን ዛፎቹ ግቢ ሲገቡ በስተቀኝ ካለው ክፍል ይጀምሩ፤ በ785 ገደማ በኮርዶባው አሚር በቀዳማዊ አብድ አር ራህማን የተጀመረው እሱ ነው። ዓምዶቹ ከሮማውያንና ከእነሱ በኋላ አገሩን ከገዙት ከቪሲጎቶች ሕንፃ የተነቀሉ ስለሆኑ አናታቸው ላይ ያለው ቅርጽ አይመሳሰልም። አጫጭርም ስለነበሩ ግንበኞቹ ጣሪያውን ለማንሳት ቅስት በቅስት ላይ ደረቡ፦ የታችኛው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ፣ የላይኛው ግማሽ ክብ።

ወደ ፊት በቀጥታ ሲሄዱ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ሚህራብ፣ ማለትም የጸሎት አቅጣጫ የሚያሳየው የግድግዳ ጎድጓዳ፣ ይጠብቅዎታል፤ ወርቃማው ሞዛይክ የቢዛንታይን ባለሙያ እጅ ያለበት ነው። ሚህራቡ ከመሃል ዘወር ያለ መስሎ ከታየዎት ዓይንዎ አልተሳሳተም። ወደ ደቡብ ማስፋት ወንዙ ስለከለከለ የዘመኑ ኃያል ሚኒስትር አል መንሱር በ987 ስምንት ረድፍ የጨመረው በምሥራቅ በኩል ብቻ ነው። እዚያ ያሉትን ቅስቶች ልብ ይበሉ፤ በቀደመው ክፍል ቀዩ ጡብ ነበር፣ እዚህ አብዛኛው ቀለም ነው። በ1236 ከተማዋን ክርስቲያኖች ሲይዟት መስጊዱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ መሃሉን ፈልቅቆ የወጣው ካቴድራል ግን የተጀመረው በ1523 ነው። እሱን መጨረሻ ላይ ይዩት።

3. ግቢዎቹ፦ ሁለት ሰፈር ይበቃል

መግቢያው ነጻ ነው። የውድድሩ ግቢዎች በሰፈር ተከፍለው የሚታዩበትን ካርታ ከቱሪስት ቢሮ ይውሰዱ። በቀትር ይዘጋሉ፤ አመሻሹ ላይ እንደገና ሲከፈቱ በመጀመሪያው ሰዓት ይድረሱ። ቅዳሜና እሑድ በሳን ባሲሊዮ ሰልፉ ያሰለቻል፤ ሳንታ ማሪናና ሳን ሎሬንሶ ይቀላሉ። የገቡት የሰው መኖሪያ ቤት ስለሆነ ማሰሮዎቹን አይንኩ፣ በሩ ላይ ቆመው ፎቶ አያንሱ። ግድግዳው አናት ላይ የተሰቀሉት አበቦች እንዴት እንደሚጠጡ ከገረመዎት፣ ጫፉ ላይ ቆርቆሮ የታሰረበት ረጅም ሸምበቆ ይፈልጉ። ሰልፍ የማይወድ ሰው ዓመቱን ሙሉ በቲኬት የሚታየውን የቪያና ቤተ መንግሥት 12 ግቢዎች ሊመርጥ ይችላል።

4. ምሳ

ሳልሞሬሆ የሚባለው ወፍራም ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ የከተማዋ ምግብ ነው። ላዩ ላይ የአሳማ ሥጋና እንቁላል ስለሚነሰነስበት፣ አሳማ የማይበላ ሰው ሲያዝ «ሲን ሃሞን» ይበል። ፍላመንኪን የሚባለው ጥቅልል ጥብስም በአሳማ ሥጋ ነው የሚሠራው።