ከባድ አለርጂ ሲያጋጥም መጀመሪያ የቱ መድኃኒት?

አምቡላንስ ላይ የምትሠሩ፣ እስቲ ስሙኝ። ሰውየውን ንብ ነድፎታል ወይም ፔኒሲሊን ተወግቷል፤ ከንፈሩ አብጧል፣ ትንፋሽ አጥሮታል። እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አድሬናሊን ነው። ሌላው ሁሉ ወረፋውን ይጠብቅ።

1 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር የሚለውን አምፑል ስበሩ። ለአዋቂ ግማሹን፣ ማለትም 0.5 ሚሊ ግራም በስሪንጅ ሳቡና ጭኑ መሀል ላይ፣ በውጪ በኩል፣ ጡንቻው ውስጥ ውጉ። ከጭን ጡንቻ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ቆዳ ሥር ከተወጋ ግን ይዘገያል። ለልጆች በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ነው፣ ከ0.5 አይለፍ። ደም ሥር ስትፈልጉ ደቂቃዎች እንዳይበሏችሁ።

በ5 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙት። እስከዚያው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት። መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ፣ ግን ድንገት ብድግ እንዳታደርጉት፤ ልቡ ቀጥ ሊል ይችላል። ኦክስጅን ስጡት፣ የደም ግፊቱ ከወረደ ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) በፍጥነት ይውረድለት። ደረቱ ሲር ሲር የሚል ከሆነ የመተንፈሻ ቧንቧን የሚያሰፋው ሳልቡታሞል ይጨመር፣ እሱም ከአድሬናሊን በኋላ።

እብጠት የሚቀንሰው ሃይድሮኮርቲዞንስ? ይሄ ነው ብዙዎቻችንን የሚሸውደን፤ ቦርሳ ውስጥ ስላለ ቀድሞ ይወጋል፣ ሥራው ግን ሰዓታት ይፈልጋል። ፀረ ሂስታሚንም ማሳከኩን ያስታግስ እንደሆን እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም።

«አሁን ደህና ነኝ፣ አውርዱኝ» ካላችሁ እሺ እንዳትሉት፤ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽበት ስለሚችል ሆስፒታል ገብቶ ይታይ።