የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላላችሁ፦ ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚያተርፈው የት ላይ ነው?

ጅማ ዙሪያ አነስተኛ ወይም መካከለኛ የቡና ማጠቢያ ያለው ሰው “ማኅበራዊ ኃላፊነት” ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ለትምህርት ቤት የሚሰጥ ወንበርና ባነር ነው። መልካም ነው፤ ግን ጣቢያን ከመታሸግ አያድንም። የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ወደ ወንዝ በምትለቁት ውኃ ላይ ነው።

እሸቱ፣ ማለትም ቀዩ የቡና ፍሬ፣ የሚደርሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ዝናቡ አቁሞ ወንዙ ሲሳሳ ነው። የማጠቢያው ፍሳሽ ስኳር ስለሚበዛበት ሲበሰብስ የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ከታች ከብት የሚያጠጣው ገበሬም አቤት ይላል። ጣቢያው በኅዳር ለአንድ ሳምንት ቢታሸግ፣ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ስለሚበላሽ ገበሬው ጎረቤታችሁ ዘንድ ይሄዳል። ለከርሞ መመለሱንም እንጃ።

መጀመሪያ ገለፈቱን፣ ማለትም ሲፈለፈል የሚወጣውን ልጣጭ፣ ከውኃው ለዩ። ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ገደማው ገለፈት ነው፤ በውኃ እየገፉ ጉድጓድ ውስጥ መስደድ ፍሳሹን ያከፋዋል። በወንፊት አጥልሉና በጋሪ አውጡት። የመፈልፈያውን ውኃ በዕለቱ ደጋግማችሁ ተጠቀሙ፤ ማታ ግን ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ ይደፋ፣ ያደረ ውኃ ቡናው ላይ ሽታ ይተዋል።

የፍሳሹ ጉድጓድ ቢያንስ ሁለት ይሁን። በመጀመሪያው ዝቃጩ ይቀራል፣ በሁለተኛው ኖራ ይገባል። ኖራውን በግምት አትበትኑ፤ አሲድነትን በሚያሳይ የፒኤች ወረቀት እየለካችሁ 6 እና 7 መካከል ሲደርስ አቁሙ። ኖራ አሲዱን ያበርዳል እንጂ ስኳሩን አያጠፋም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ ውኃው ነጣ ብለው ወንዝ ይለቁታል። ይልቅ ውኃው ቬቲቨር የሚባለው ሥረ ረጅም ሣር በተተከለበት መሬት ላይ ቀስ ብሎ ይስረግ። ወንዝ ዳር የተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ በጎኑ ስለሚያሾልክ ከሌለ አይሻልም።

ገለፈቱን ከፍግና ከደረቅ ቅጠል ጋር አነባብሩት፤ በየሁለት ሳምንቱ ከተገላበጠ በሦስት አራት ወር ብስባሽ ይሆናል። እሸት ለሚያቀርብላችሁ ገበሬ መልሱለት። ከአንድ ቀን የዋጋ ጭማሪ ይልቅ ደንበኛ የሚያጸናው ይህ ነው ባዮች ነን።

ሚዛኑ ለገበሬው በሚታይ በኩል ይቁም፤ ደረሰኝ በኪሎ ይሰጠው። ይኸው መዝገብ ለውጭ ገበያም ይሠራል፦ የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለን ቡና ይከለክላል። ከ4 ሄክታር ላልበለጠ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጠው ዙሪያው ይለካል። ነጥቡን ገበሬው ደጃፍ ወይም ጣቢያው ላይ የሚወስድ መዝጋቢ አለ፤ መቶ ገበሬ አንድ ቦታ ላይ ሲገኝ ገዢው መዝገቡን በሙሉ ይጠራጠራል።

ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ለሚለቅሙት ሴቶች ጥላ፣ መጸዳጃና በቀኑ የሚከፈል ደመወዝ ይኑር። ክፍያ የዘገየበት ጣቢያ ሥራ በሚደራረብበት ሳምንት ሰው ያጣል፤ ያልተለቀመ ቡና ደግሞ ደረጃው ይወርዳል።

ባነሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሕጉ ለሚያውቃቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠን ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት ይይዛል። በእጅ የተሰጠና ደረሰኝ የሌለው አይያዝም፤ ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት የሒሳብ ሠራተኛችሁን አማክሩ።