የፕላስቲክ ፍሳሽ ቧንቧ ሲቀየር የትኛው የመገጣጠሚያ ዘዴ ይመረጣል?

ዘዴው ከመመረጡ በፊት የነባሩ ቧንቧ የፕላስቲክ ዓይነት መታወቅ አለበት፤ የቧንቧ ማጣበቂያ ፒቪሲንና ኤቢኤስን የሚይዘው ገጻቸውን አሟሙቶ ስለሚያዋህዳቸው ሲሆን፣ ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኢትሊን ግን በዚህ መንገድ ስለማይሟሙ ሙጫው የቱንም ያህል ቢበዛ አይያያዙም። በማጣበቂያ የተገጠመ ቧንቧ ተመልሶ ስለማይፈታም፣ አስቀድሞ መስመሩን በደረቁ ገጥሞ አቅጣጫውን በእርሳስ ማመልከት ያስፈልጋል። ግድግዳ ውስጥ ለሚቀር መስመር እኔ የምመርጠው ይህንኑ ዘዴ ነው።

ጎሚኒ (ውሃ እንዳያፈስ የሚያደርግ የጎማ ቀለበት) ባለው መገጣጠሚያ ውስጥ ቧንቧውን ገፍቶ ማስገባት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በሴጌቶ የተቆረጠው ጫፍ ዙሪያውን በሞራድ ካልለሰለሰና ፈሳሽ ሳሙና ካልተቀባ ጎሚኒውን ሊቀደው ይችላል። ሙቅ ውሃ ቧንቧውን ስለሚያስረዝመው፣ እስከ መጨረሻው ከተገፋ በኋላ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሳባል፤ ተስቦ እንዳይወጣም መስመሩ በማቀፊያ ይታሰራል።

ሲፎን (ከማጠቢያው ሥር ያለው ጠማማ ቧንቧ) ለጽዳት መፈታቱ ስለማይቀር በዳዶ የሚጠብቀው መገጣጠሚያ ይሻለዋል። ይህ ዓይነት የተለያዩ ፕላስቲኮችንም ያገናኛል፤ ሆኖም 40 ሚሊ ሜትር ተብለው የሚሸጡ ቧንቧዎች የውጭ ዲያሜትራቸው ሊለያይ ስለሚችል፣ ከመግዛት በፊት በካሊፐር መለካት ይገባል። ዳዶውን በእጅ ማጥበቅ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው።