ተጋጣሚያችሁ ንግሥቱን ሲያስበላ

ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር፣ ልጆችን ቼዝ አስተምራለሁ። የጠጠሮቹን አካሄድ ቶሎ ይይዛሉ። ብዙ የምንደክመው ሌላው ሲሳሳት እንዴት መሆን እንዳለባቸው በማስተማር ላይ ነው። ለትልልቆችም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

የሐሳብ ስህተት ከሆነ ውሰዱት። ተጋጣሚያችሁ ንግሥቱን ያለ ጠባቂ ትቶ፣ ተራውን መጨረሱን የሚያሳውቅበትን ሰዓት ከተጫነ ብሉት። «እርግጠኛ ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። አዝናችሁ ብታልፉት ንቃችሁታል ማለት ነው፤ እሱም ይገባዋል። የተጫወቱትን መመለስ የሚፈቀድበት ጨዋታ ከፈለጋችሁ ገና ሳትጀምሩ ተነጋገሩ፣ ለሁለታችሁም እኩል ይሁን።

ዋናው ነገር አበላሉ ላይ ነው። ባለፈው ጥር አንዲት ልጅ ፈረሷን ለማዳን ስትጣደፍ ንግሥቷን ለጳጳስ አጋለጠች። ተጋጣሚዋ ጳጳሱን ብድግ አድርጎ ንግሥቷን ገፍትሮ ጣላትና ዞሮ ጓደኞቹን አየ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ እጇ ጠጠር ያንቀሳቅሳል እንጂ ልቧ ጨዋታው ላይ አልነበረም። ሲጨርሱ ልጁን ለብቻው አስቀምጬ ያንኑ አበላል ደጋግሞ እንዲሠራው አደረግኩ። የተበላውን ጠጠር በቀስታ አንሳ። ጎን ላይ አስቀምጠው። በዚያው እጅህ ሰዓቱን ተጫን። ዓይንህ ከቦርዱ አይነሳ። መጀመሪያ ላይ አኮረፈ፤ በኋላ ግን እጁ ለመደው።

በጨዋታ መሃል «አይዞህ» ማለትም አይገባም። ከልባችሁ ብትሉትም እሱ ጆሮ ላይ ሌላ ነው። ለበኋላ አቆዩት።

ከመብላታችሁ በፊት ግን ረጋ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሶቺ ላይ፣ በዓለም ሻምፒዮና ስድስተኛው ጨዋታ፣ የያኔው ሻምፒዮን ካርልሰን ንጉሡን የማይሆን ቦታ አስቀመጠ። ተጋጣሚው አናንድ ግን ሳያየው በችኮላ ወታደር ገፋ። ዕድሉ አለፈው፣ ጨዋታውንም ተሸነፈ። ለልጆቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ሌላው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲንጋፖር የሆነው ነው። በመጨረሻው፣ በ14ኛው ጨዋታ፣ የያኔው ሻምፒዮን ዲንግ ሊረን ግንቡን ያለ ቦታው አኖረ። ተጋጣሚው የ18 ዓመቱ ጉኬሽ ስህተቱን አየ፣ አጣርቶ ተጫወተ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ወንበሩ ላይ እንዳለ አለቀሰ። ከዚያ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ መነሻ ቦታቸው መለሰ። በኋላም ዲንግን እውነተኛ ሻምፒዮን ብሎ አመሰገነው። እንዲህ ነው የማሸነፍ ጨዋነት!

እኛ ጋ የሚያስቸግረው ተመልካች ነው። ሐይቁ ዳር ቦርድ ሲዘረጋ ሰው ይከብባል፤ አንዱ «ኧረ ንግሥቱ!» ብሎ ይጮኻል። እናንተ ስህተቱን ሳታዩት ሰው ከጠቆማችሁ፣ የወዳጅነት ጨዋታ ከሆነ ተጋጣሚያችሁ እንዲመልስ ፍቀዱለት። ሁለት ለአንድ ሆናችኋላ! ድሮ በሰንጠረዥ፣ በጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝም እኮ አሸናፊነት ብቻውን አያስከብርም ነበር። ንጉሡን በፈረስ ብቻ ከመያዝ ይልቅ ትንንሾቹን ጠጠሮች አስተባብሮ መያዝ ይበልጥ ያስመሰግን ነበር።

የእጅ ስህተት ደግሞ ሌላ ነው። ሕጉ የሚለው ሆን ብሎ የነካውን ጠጠር ይጫወት ነው። እጅጌው ቢነካው ወይም የጣና ነፋስ ወታደሩን ቢጥለው ዝም ብላችሁ አቁሙለት። ጠጠር ለማቃናት ስትፈልጉ አስቀድማችሁ «ላስተካክል» በሉ። ነክቶ ሲተወው ካያችሁና መጠየቅ ከፈለጋችሁ፣ እናንተ ጠጠር ሳትነኩ ጠይቁ፤ ከነካችሁ መብታችሁ አበቃ። ውድድር ላይ ሕገወጥ እንቅስቃሴ ካደረገ ሰዓቱን አቁማችሁ ዳኛ ጥሩ። ረጅም ሰዓት በሚሰጥበት ጨዋታ ለመጀመሪያው 2 ደቂቃ ይጨመርላችኋል፣ ለሁለተኛው እሱ ይሸነፋል። ይህን ዳኛው ይናገር፤ እናንተ አትጨቃጨቁ።

ሰዓቱን መጫን ሲረሳስ? ውድድር ላይ የመንገር ግዴታ የለባችሁም። እኔ ግን ሕፃን ወይም ለሰዓት አዲስ የሆነ ሰው ከሆነ ይነገረው ባይ ነኝ። አንዴ በጣት ወደ ሰዓቱ ማመልከት ይበቃል። ደጋግሞ ከረሳ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሲያልቅ እጁን ጨብጡት። እሱ ካላነሳው ስለ ንግሥቱ አታንሱ። ከዚያ በፊት ጥሩ የተጫወተበትን ቦታ ቦርዱ ላይ መልሳችሁ ደርድሩና «እዚህ ጋ ምን አስበህ ነበር?» በሉት።